ለጋሽ ደግፌ የተሠራ ሹራብ

ሌላ ሰው ሲሠራው ከባድ የሆነ ሥራ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከመንገድ ዳር ቆመው ሲያዩት እርሻ ምን አላት? በሬዎቹ ይጎትታሉ፣ ገበሬው ከኋላ ይከተላል፤ ሽርሽር በሉት። ከአይሱዙ ሥር የተጋደመው መካኒክስ? ጥላ ውስጥ ዘርጋ ብሎ አንዲት ብሎን ያዞራል፤ እኔ ብሆን እዚያው እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዳንቴል የምትሠራ ሴትማ ሥራ ላይ መሆኗም አይታወቅም። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ጆሮዋ ጎረቤት ቤት፣ አፏ ባሏ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ብቻ ከታች ለራሳቸው የሆነ ጨዋታ ይጫወታሉ። ከዚያ ቀና ስትል የጠረጴዛ ልብስ ሠርታ ቁጭ! እንዲህ ያለውን ነገር ሥራ ብሎ ለመጥራት፣ ለሥራ ያለኝ አክብሮት አይፈቅድልኝም ነበር። «ነበር» ያልኩትን ልብ ይበሉልኝ።

ባለቤቴ ጽጌ ዳንቴል ትሠራለች። መሐል ሜዳ ባለችው ቤታችን ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፤ ሶፋው ከነክንዱ ለብሷል፤ የውኃው ጀሪካን እንኳ ትከሻው ላይ ነጭ ነገር ጣል አድርጎ፣ ለዕርቅ የተጠራ ሽማግሌ መስሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል። መንዝ ብርድ ነው፣ ዕቃም ይበርደው ይሆናል እያልኩ ዝም እላለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሶፋው ላይ ሳልንቀሳቀስ ትንሽ ቆየት ብል፣ እኔንም በዓይኗ ስትለካኝ ያዝኳት።

ታዲያ አንተን ከዚህ የሴት ሥራ ውስጥ ምን ከተተህ? ቢሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ አማቴ።

አማቴ ጋሽ ደግፌ የጽጌ አባት ናቸው፤ ቀየት የምትባል የመንዝ ገጠር ሰው። ያርሳሉ፣ ይወቃሉ፣ እርሻ ሲቦዝን ደግሞ ባና ይሸምናሉ። በእኛ አገር ሴቱ የበግ ጠጉር ይፈትላል፣ ወንዱ ያንን ፈትል ሸምኖ ባና የሚባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ያወጣል። ጋሽ ደግፌ ሰውን የሚመዝኑት በእጁ ነው። ልጃቸውን ያጨሁ ጊዜ «ልጁ ባለሙያ ነው» ተብሎ ተነገራቸው። ውሸት አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነኝ። ሙያው ምንድን ነው? ብለው ጠየቁኝ። ማቀድና መከታተል ነው አልኳቸው። ካቀድክ በኋላ ማን ይሠራዋል? ሌሎች ናቸው አልኩ። አንተሳ? እከታተላለሁ። «እንግዲህ ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት ማለት ነዋ!» አሉ። የሥራ ዝርዝሬን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስረዳኝ ሰው በመሥሪያ ቤታችንም የለም። ከዚያ ቀኝ እጄን ያዙ፣ መዳፌን ገልብጠው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ መልሰው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ።  

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ጠርተው አያውቁም። ታምሩ እባላለሁ፤ ምላስ የማያደናቅፍ ስም ነው። እሳቸው ግን «እንግዳው» ይሉኛል። ለእንግዳው ወንበር አምጡለት። እንግዳው በላ? እንግዳውን ውሻው እንዳይነክሰው ያዙለት። ውሻው ራሱ ከለመደኝ ቆይቷል፤ ሲያየኝ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚመጣው፤ እንግዳ መሆኔ የሚታወሰው ሲይዙት ነው። እንግዳ መባል ክብር አይደለም ወይ? ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ለሁለት ቀን ክብር ነው። ተጋብቶ፣ ተዛምዶ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ እንግዳ ሆኖ መቅረት ግን፣ መቼ ነው የምትሄደው? ተብሎ በየቀኑ በትሕትና እንደ መጠየቅ ነው።

ጽጌ ስታረግዝ ነገሩ መረር አለ። ለመስቀል ቀየት ሄደን ሳለ አባቷ ሆዷን አይተው ፊታቸው በራና «የእንግዳው ልጅ መቼ ነው የሚመጣ?» ብለው ጠየቋት። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንባዋ መጣ። ልጄ ሳይወለድ እንግዳ ሊሆን ነው፤ አባባ አንድ ቀን እንኳ ልጄ ቢልህ ምናለ? አለች። እኔም ወኔዬ ተነሣና፣ ጣራው መለስ እስኪያደርገኝ ድረስ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ማልኩ፤ ለገና ስንመጣ በገዛ እጄ የሠራሁትን አለብሳቸዋለሁ! ምን ሠርተህ? አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። ሹራብ! አልኩ። እንባዋ ወዲያው ደረቀ። ከዚያ ወዲያ መሐል ሜዳ እስክንገባ የሳቀችውን ሳቅ እንደ ማበረታቻ ቆጠርኩት።

ለምን ሹራብ? ጋሽ ደግፌ ውርጩ ሳይለቅ ነው ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱት፤ ከጋቢያቸው ሥር ያለችው ኮት ደግሞ ክርኗ ካለቀ ሰንብቷል። ለምን በኪሮሽ? ሽመና ለመማር ዕድሜ ያንሰኛል፤ ኪሮሽ ግን ምንድን ነው? ጫፏ ቆልመም ያለች አንዲት ቀጭን ዘንግና ክር። ክሩን ትስባለህ፣ በቀለበቱ ታሾልካለህ፣ በቃ። ጽጌ መጀመሪያ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሠርተህ እጅህን አፍታታ ብላኝ ነበር። የዕቅድ ባለሙያ ከብርጭቆ ማስቀመጫ ሲጀምር አይቶ የሚያውቅ አለ? ሥራውን በዝግጅት ምዕራፍና በተግባር ምዕራፍ ከፈልኩት። የዝግጅት ምዕራፉ እጅግ የተሳካ ሆነ። በመሥሪያ ቤታችንም ሁልጊዜ የሚሳካው እሱ ነው።

ክሩንም አሰብኩበት። የሱቁን የሹራብ ክር ጋሽ ደግፌ «ላስቲክ» ነው የሚሉት። ስለዚህ በገበያ ቀን ወጥቼ ጥቁር የበግ ጠጉር ፈትል ገዛሁ። ሻጯ እናት ሚስትህ ባና ልታሠራ ነው ወይ? አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ፂም አውጥቼ ኪሮሽ ልይዝ ነው ብዬ በመንዝ ገበያ መካከል የምናገርበት ወኔ፣ ያን ዕለት አብሮኝ አልመጣም ነበር።

ከዚያ የተግባር ምዕራፍ መጣ። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሁለት እጆች ብቻ ይታያሉ፤ ራስ የላቸውም፣ በማላውቀው ቋንቋ እያወሩ ሹራብ ይሠራሉ። እነሱ ሹራቡን ጨርሰው ሲሰናበቱኝ እኔ የክሩን ጫፍ ገና እየፈለግኩ ነበር። ጽጌ አዘነችልኝና መጀመሪያዋን ሰንሰለት አስያዘችኝ። ያዝኩ። ክሩ ያመልጠኛል ብዬ ከመፍራቴ የተነሣ እንደ ዕዳ አጥብቄ ስለያዝኩት፣ ዘንጓ ትገባለች እንጂ አትወጣም። ሰንሰለቱን ዘርግታ አየችና፣ ይኼ ወይፈን ያስራል፤ አላላው አለችኝ። አላላሁት። እንደ ገና አየችው፤ አሁን ደግሞ ዶሮ አንገቷን ታስገባበታለች አለች። ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶቻችን እኔን አይተው መሆን አለበት።

ደግሞ ምሥጢሩን መጠበቅ አለ። ከሥራ ስመለስ በሩን ዘግቼ እቀመጣለሁ፤ ጎረቤት ሲያንኳኳ ፈትሉን ከሶፋው ትራስ ሥር፣ ዘንጓን ከኪሴ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሐሳብ ልጽፍ እስክሪብቶ ሳወጣ ለካ ያወጣሁት እሷን ኖሯል። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ምንድን ናት? አለኝ። የጥርስ ናት አልኩት። ጫፏን አየ፣ ጥርሴን አየ፣ ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ አደረገ።

ሹራቡ ግን አደገ። እንዲያውም ማደጉን ማቆም አቃተው። ለካ በየዙሩ ሳላውቅ ቀለበት እየጨመርኩ ኖሯል፤ ከላይ ሲጀምር የሰው ትከሻ የነበረው ታች ሲደርስ የሰርግ ድንኳን ሆነ። ጽጌ ይህ ከነቤተሰቡ የሚለበስ ነው? አለችኝ። እጅጌዎቹም ከአንድ እጅ የወጡ አይመስሉም፤ አንዱ ጉልበት ጋ ሲቆም ሌላው መንገዱን ቀጥሏል። አንገቱ ደግሞ በተቃራኒው ጠበበ፤ ከጡጫ በላይ አያስገባም። እንግዲህ አካሉ ለድንኳን፣ አንገቱ ለድመት ልጅ ማለት ነው። ፍታውና እንደ አዲስ ጀምር አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውንም ጨመረችልኝ። የሠራሁትን ልፈታ? በመሥሪያ ቤታችን የተሠራ ነገር ተፈትቶ አያውቅም! ገና ደረሰ፤ አጠፍኩት፣ በፌስታል ጠቀለልኩት፣ ተሳፈርን።

ሚኒባሱ ሞቅ ሲል ፌስታሉም ሞቅ አለውና ማሽተት ጀመረ። የበግ ጠጉር ሁለቱንም ዘመን አይረሳም፤ በበግ ላይ የኖረበትንም በሰው ላይ የሚኖርበትንም። ከፊታችን የተቀመጡ ሰውዬ ዘወር ብለው የገና በግ ይዛችሁ ነው? አሉ። ረዳቱም ጎንበስ ብሎ እግራችን ሥር ፈለገ። በግ የለም አልኩት። ታዲያ ምን ይሸታል? ሹራብ ነው አልኩት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዕድሜ ልኩን በግ ደብቀው የሚሳፈሩ ሰዎችን ሰበብ ሁሉ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ሰበብ ግን ያጋጠመው አልመሰለኝም።

ቀየት ስንደርስ ጽጌ መንገዱ አድክሟት ጋደም አለች። ጋሽ ደግፌ አውድማ ናቸው። ፌስታሉን ለጽጌ እናት፣ ለእትዬ አስካለ ሰጠሁና፣ ለጋሼ በእጄ የሠራሁት ነው፤ እስከ በዓሉ ጠዋት ይደብቁልኝ አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሹራብን ሹራብ ነው ብሎ ማስረዳት ሰውን መናቅ አይሆንም?

እኔም ወደ አውድማው ወረድኩ። በሬዎቹ ገብሱን እያሄዱት ነው። መንሹን ተቀብዬ ላግዝ እጄን ስዘረጋ፣ ጋሽ ደግፌ በላዬ አሳልፈው ለጎረቤታቸው ሰጡትና «እንግዳው፣ አቧራው እንዳያገኝህ ወደዚያ ፈንጠር በል» አሉኝ። ፈንጠር ብዬ ተከታተልኩ። እንዲህ በቅርብ የተከታተልኩት አፈጻጸም የለም፤ አንድም ሪፖርት አልተጠየቅኩም እንጂ። በመጨረሻ ብርዱ ሲጠናብኝ ቀድሜ ወደ ቤት አቀናሁ።

ከሩቅ ሳይ የግቢው ካብ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተሰጥቷል፤ እንፋሎት ይወጣዋል። ለበዓሉ ቀድመው አርደው ቆዳውን አሰጡት ማለት ነው ብዬ ቀረብኩ። ቀረብ ስል ቆዳው ሁለት እጅጌ አለው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ላስረዳ። መንዝ ውስጥ ባና ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና አላለቀም። ሴቶቹ ፍል ውኃ እያፈሰሱ በእግራቸው ይረግጡታል። ሲረገጥ ጠጉሩ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል፤ ከዚያ ወዲያ ነፋስ አያሳልፍም። ያልተረገጠ የጠጉር ሥራ ለሰው መስጠት ያልበሰለ ዳቦ እንደ ማቅረብ ነው። እትዬ አስካለ እንግዲህ ፌስታሉን ከፍተው ያዩት ያንን ነበር፤ የዋሁ የልጃቸው ባል ያመጣውን ጥሬ ሥራ። ጉዴን ሊሸፍኑልኝ ብለው ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው፣ ውኃ አፍልተው፣ እየዘፈኑ ረግጠውልኛል። የኔ ጌታ፣ ፈትሉ መልካም ነው፤ ሳይረገጥ ነው ያመጣኸው እንጂ፤ የከተማ ልጅ ከየት ያውቀዋል ብዬ አደረስኩልህ፤ ለእሳቸው አትንገር፣ እኔም ትንፍሽ አልል አሉኝ፣ እግራቸው ከሙቁ ውኃ የተነሣ እንደ በርበሬ ቀልቶ። በዚህች ሴት ላይ የሚቆጣ አንደበት ይዘጋ!

ድንኳኑ የለም። በድንኳኑ ፋንታ አጭር፣ ደረቅ፣ ወፍራም፣ ካቡ ላይ ባያስደግፉት በራሱ የሚቆም ነገር አለ። ጽጌ ነቅታ ወጣች፤ አየችው፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ሆዷን ይዛ ትንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተኝ። በኋላ ስጠይቃት ሁለቱንም ነው አለችኝ። የወራት ድካሜ፣ የልጄ ስም፣ የእኔ «ልጄ» መባል፣ ሁሉም እዚያ ካብ ላይ ተጨምቆ ይንጠባጠባል። ላነሣውና ልደብቀው ስል የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ።

ጋሽ ደግፌ ኮርቻ የተጫነች በቅሏቸውን እየሳቡ ገቡ። ነገሩን አዩት። ልጓሙን ለቀቁና ወደ ካቡ ሄዱ። በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። አሸተቱት። ወደ ሰማይ አንሥተው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ አዩ፤ አላሳለፈም። ማን ሠራው? አሉ። እትዬ አስካለ ቀልጠፍ ብለው፣ ታምሩ ነዋ! በገዛ እጁ! አሉ። አማቴ እጄን ተመለከቱ። ያን የድሮውን መዳፌን።

ከዚያ ወደ በቅሎዋ ተመለሱ። በኮርቻው ላይ የሚደለደለውን ልብስ፣ ያንን ያረጀ ግላስ ገፈው መሬት ጣሉና ሹራቤን በቦታው ዘረጉት። የኮርቻው የፊት ቀንድ በዚያች በጠበበችው አንገት ውስጥ ብቅ አለ፤ ልክክ! ልኩን መቼ ወሰድክ? አሉኝ፣ ዓይናቸው ፈጦ። በዓይኔ ነው አልኳቸው። ቀጥለው አንዱን እጅጌ አነሡና ይኼስ? አሉ። አፌን ከፈትኩ። «እጅጌ» የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን መልስ አልጠበቁም፤ ሁለቱን እጅጌዎች በበቅሎዋ ሆድ ሥር አሳልፈው አሰሯቸው። መታጠቂያውን ከራሱ አውጥቶ! አሉ፣ በመንደሩ ሁሉ እስኪሰማ። አንዱንም አስረዝሞታል እኮ! ቋጠሮው ከሆዷ ሥር እንዳይቆረቁራት ወደ ጎን እንዲውል አስቦ ነው። አቤት አእምሮ! ለካ ቆሞ ማየትም እንዲህ ይጠቅማል!

እውነቱን መናገር አልነበረብኝም? ነበረብኝ ይሆናል። ግን ማን ጠየቀኝ? እትዬ አስካለ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ጽጌ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታለች፤ ዓይኗ ብቻ፣ አደራህን፣ ትንፍሽ እንዳትል ይለኛል። በቅሎዋም ብትሆን ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ በኩራት ቆማለች። ይህን ሁሉ ደስታ ለአንዲት ቃል ብዬ ላፍርሰው? ራሴን በትሕትና ዝቅ አደረግሁ። የባለሙያ ትሕትና መሰላቸው።

ይኼኔ ነው የሆነው። ጋሽ ደግፌ የጉንጯን ማሰሪያ እያስተካከሉ፣ ዘወር እንኳ ሳይሉ፣ «ታምሩ ልጄ፣ ና እስቲ ልጓሟን ያዝልኝ» አሉ። ታምሩ። ልጄ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ጽጌን አየኋት፤ ይህኛው ልቅሶ ብቻ ነበር። ልጓሙን ያዝኩ። በቅሎዋ እግሬን ረገጠችኝ፤ አመመኝም፤ ግድ አልሰጠኝም፤ ቤተሰብ አይረጋገጥም ወይ?

የገና ዕለት በቅሎዋ ከባለቤቷ ይልቅ ሰላምታ አገኘች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌ ሁሉ እየቆመ ይዳስሳታል። አማቴም ከላይ ሆነው፣ ልጄ ነው የሠራው፤ ባለሙያ ነው ስላችሁ ውሸት መሰላችሁ? ይላሉ። ባለሙያ ነኝ ብለው ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ ግን በበዓል ቀን ማን ይከራከራል?

ለምሳ ስንቀመጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ወንበር አምጡለት አላሉም፤ እዚያው መደቡ ላይ፣ ከጎናቸው። ቁርጡን እያጎረሱኝ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ሰማህ ወይ ልጄ፣ አሉኝ፣ የበቅሎዋስ ሆነ፤ እሷ ሞቃት። እኔ ግን ጠዋት ልሳለም ስወጣ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ይገባል። ከተማ ውስጥ ሹራብ የሚባለውንም በእጃቸው የሚሠሩ አሉ ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነት ነው? አዎ ጋሼ፣ ይባላል አልኩ። ጽጌ ከማዶ ትን አላት፤ እናቷ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት።

እንግዲያው እስከ ፋሲካ አንድ ብትሠራልኝ? አሉኝ። ጋሼ፣ ሹራብ እኮ ለጀማሪ ይከብዳል አልኳቸው፣ ይህችን አንዷን እንኳ እውነት ልናገር ብዬ።

አማቴ ከት ብለው ሳቁና ጀርባዬን በዚያ በሰፊ እጃቸው ደለቁኝ፤ «ለጀማሪማ ይክበድ! እንዲህ ያለ ግላስ ለሠራ ሰው ሹራብ ምን አላት?»